እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የተሠራ ከተማ
በቫንፖርት ታሪክ አጻጻፍ ላይ የቀረበ ትችት

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኦሬገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማና በኮሎምቢያ ወንዝ መካከል ባለው ረባዳ መሬት ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ ቫንፖርት የሚባል ከተማ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች የገቡበት በዲሴምበር 12 ቀን 1942 ሲሆን የጠፋው በሜይ 30 ቀን 1948 ነው፤ ዕድሜው አምስት ዓመት ተኩል አይሞላም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከተማ የጻፉት ሰዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚተርኩልን ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከተማው በምን ያህል ችኮላ እንደ ተሠራ፣ ሁለተኛው በምን ያህል ድንገተኛነት በውኃ እንደ ተወሰደ። በሁለቱ መካከል ያለው የአምስት ዓመት ኑሮ እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ይታያል። የዚህ ትችት አሳብ ችኮላውም ጎርፉም ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ እንደ ተጫነባቸው ማሳየት ነው። ቫንፖርትን ቫንፖርት ያደረገው ጥድፊያ ሳይሆን ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ ማን በዚያ አገር ሊቀር እንደሚገባው አስቀድሞ የተቈረጠ አሳብ ነበር።

ከጽሑፎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ማንሊ ሜበን በ1987 የከተማውን ስም ርእስ አድርጎ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ከርሱ በኋላ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ ባለዕዳው ስለሆነ ምስጋናውን ማጓደል አይገባም። ካርል አቦት ስለ ፖርትላንድ የፕላን ታሪክ የጻፈው ደግሞ ከተማይቱ ጦርነቱን በምን ዓይነት አስተዳደር እንደ ተቀበለች ያስረዳል። ጥያቄው ከሕንፃ ወደ ሰው የዞረው በተለይ ስቱዋርት መኬልደሪና ሩዲ ፒርሰን በ1998 እና በ2001 ባወጧቸው ጽሑፎች ነው፤ ካረን ጊብሰንም በ2007 በአንድ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ስለ አልቢና ሠፈር በጻፈችው ጥናት የቫንፖርትን ነዋሪዎች ከጎርፉ ወዲያ ተከትላ ሄዳለች። እነዚህ ሥራዎች ካሉ የእኔ ትችት በማን ላይ ነው ብሎ አንባቢው ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ እነዚህ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ገና ወደ ተለመደው ትረካ አልገባም የሚል ነው። በመታሰቢያ ሰሌዳ፣ በኤግዚቢሽንና በጋዜጣ ዓመታዊ ዝክር ላይ የሚነበበው ታሪክ ዛሬም ያው የችኮላና የጎርፍ ታሪክ ነው።

የከተማው አመሠራረት እንዲህ ነበር። ሄንሪ ካይዘር የሚባለው ታላቅ ሥራ ተቋራጭ ከጦርነቱ በፊት በመንገድና በግድብ ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ በዚሁ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የቦንቪል ግድብ ሲሠራ ዋና ተካፋይ ሆኗል። ስለዚህ የዚህን ወንዝ ጠባይ ያላወቀ ሰው ነበር ለማለት አይቻልም። ከ1941 ጀምሮ በፖርትላንድ አካባቢ ሦስት የመርከብ መሥሪያዎች አቆመ፤ ሁለቱ በፖርትላንድ ሲሆኑ ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው በቫንኩቨር ነበር። መርከቡ እንደ ቀድሞው በአንድ ቦታ ብቻ እየተገጣጠመ የሚቆም ሳይሆን ክፍል ክፍሉ በየሥፍራው ተበይዶ በኋላ በማንሻ እየተነሣ የሚጋጠም ስለሆነ፣ ብዙ ልምድ የሌለው ሰው በጥቂት ሳምንት ትምህርት ሊሠራው ይችል ነበር። ከገበሬ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከማዕድ ቤት የወጣ ሰው በያጅ ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛ ፍለጋ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ ተሄዶ ሰው በልዩ ባቡር ተጓጓዘ። ሥራው በበዛበት ጊዜ በሦስቱ መሥሪያዎች የተቀጠረው ሕዝብ ወደ 100 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

በ1940 የፖርትላንድ ሕዝብ ከ300 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ ሁሉ እንግዳ የት ይደር? ከተማይቱ በ1941 መጨረሻ አንድ የቤቶች መሥሪያ ቤት አቋቁማ ነበር፤ በአስተዳዳሪዎቹ መካከል ግን በቤት ሽያጭና ኪራይ ንግድ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ በመንግሥት ገንዘብ ብዙ ቤት መሥራት ከጦርነቱ በኋላ የቤትን ዋጋ ይጥላል የሚል ሥጋት እጃቸውን አሳጠረው። ካይዘርና ልጁ ኤድጋር ካይዘር ከተማይቱን ለምኖ ማሳመን ትተው በቀጥታ ወደ ዋሽንግተን ሄዱና ከመርከብ ኮሚሽኑ ጋር በኦገስት 1942 ተዋዋሉ። ሥራው በሴፕቴምበር ተጀመረ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሰው ገባ፤ በማግስቱ ዓመት በበጋ ከሞላ ጎደል ተፈጸመ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የቤተሰብ መኖሪያዎች ነበሩት፤ በጠቅላላው አገር በጦርነቱ ጊዜ ለሠራተኞች ከተሠሩት መንደሮች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነበር፤ ነዋሪው ወደ 42 ሺህ ባሻቀበ ጊዜም ከፖርትላንድ ቀጥሎ የኦሬገን ሁለተኛ ከተማ ሆነ። ስሙም ከሁለቱ ጎረቤቶቹ፣ ከቫንኩቨርና ከፖርትላንድ፣ በስምምነት የተቆራረሰ ነው።

ፕላኑን ያወጡት ዎልፍና ፊሊፕስ የሚባሉት የፖርትላንድ አርክቴክቶች ናቸው። ይህ ፕላን በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። ለነዋሪው የጎደለው ነገር ጥቂት ይመስላል፤ ትምህርት ቤቶች፣ ሐኪም ቤት፣ ሲኒማ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፖስታ ቤት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች፣ ወላጆች በሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ ሕፃናት የሚጠበቁበት ቤት ሁሉ ተሟልተዋል። ብዙ የቆዩ የአሜሪካ ከተሞች በዚያን ጊዜ የዚህን ግማሽ አላገኙም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኖሪያው ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አንዱ ሕንፃ ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ 14 ቤተሰብ ይይዛል። መሠረቱ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ሳይሆን እንጨት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ሳል ይሰማበታል። ለምግብ ማብሰያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለምግብ ማቆያ በበረዶ የሚሠራ ሣጥን ተሰጠ። ልብስ የሚታጠበው በየሕንፃው ሳይሆን ለብዙ ቤተሰብ በአንድነት በተሠራ ቤት ነው። አንዱ ባል ከሌሊት ፈረቃ መጥቶ ሲተኛ ጎረቤቱ ለቀን ሥራ ይነሣል፤ ልጆች በመካከል ይጮሃሉ። እንግዲህ የጋራው ነገር በልግስና፣ የግሉ ነገር በንፉግ እጅ ተሠርቷል ማለት ነው። ሠራተኛው እንዲመገብ፣ እንዲታከም፣ ልጁ እንዲጠበቅ፣ በሰዓቱ ሥራው ላይ እንዲገኝ ታስቧል። ቤቴ ብሎ እንዲቆም ግን አልታሰበም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ጦርነት ነበር፤ ጊዜም ዕቃም አልነበረም የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ እንጨትና መዳብ ለጦር ሥራ ይፈለጉ ነበር። ሆኖም ምክንያቱን ለመመዘን ሌላ ጦርነትና ሌላ መንደር ማየት ይጠቅማል።

በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት በለንደን ደቡብ ምሥራቅ ለሚገኘው ለዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች በኤልተም ዌል ሆል የሚባለውን መንደር ሠራ። ፕላኑን ያወጣው በመንግሥት የሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበረው አርክቴክት ፍራንክ ቤይንዝ ከረዳቶቹ ጋር ነው። ቁጥራቸው 1298 የሆነ መኖሪያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጸሙ። ጦርነቱ የዕቃ እጥረት ስላመጣ አንዱ ቤት በሸክላ፣ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በልስን፣ አንዱ በእንጨት ተሠራ፤ ቤይንዝም እጥረቱን ወደ ውበት ለውጦ መንደሩን ለዘመናት ቀስ እያለ ያደገ የገጠር መንደር አስመሰለው። መንገዶቹ ጠመዝማዛ ናቸው፤ ጣራዎቹም አይመሳሰሉም። ለአንዳንዶቹ መንገዶች እንደ ኮንግሪቭ ያሉ የጦር መሣሪያ ሊቃውንት ስም ተሰጣቸው፤ በአበባ አጥር መካከል የሮኬት ሠሪን ስም ማንበብ ትንሽ ያስፈግጋል። መንደሩ በ1925 ለአንድ የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተሸጠ፣ በ1975 ቅርስ ሆኖ እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ ቤቶቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ሁለት ነገር መጨመር አለበት። ያው መንግሥት ለያው ፋብሪካ በዚያው ጦርነት ጊዜ በኤልተም ዙሪያ ጊዜያዊ የእንጨት ጎጆዎችንም አስቆሟል፤ ዌል ሆል ወጪው በዛ ተብሎ ተወቅሶ ነበርና። እነዚያ ጎጆዎች ጊዜያዊ ተብለው እስከ 1930ዎቹ ቆይተዋል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ መልካም ቤት መልካም ጎረቤት እንደማይፈጥር ነው። ስቲቨን ሎረንስ የተባለው ጥቁር ወጣት በኤፕሪል 1993 በዘረኞች እጅ የተገደለው በዚሁ በዌል ሆል መንገድ አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው። የ1915 ፕላን ይህን ጥያቄ አልተጠየቀም ነበር፤ ቫንፖርት ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጠይቋል። ስለዚህ ዌል ሆልን የጠቀስሁት እንደ ገነት ለማሳየት አይደለም። በአንድ ዓመት ጥድፊያ፣ በጦርነት መካከል፣ የማይፈርስ ቤት መሥራት ይቻል እንደነበረ ለማስረዳት ብቻ ነው።

አሜሪካኖች ይህን አያውቁም ነበር ሊባልም አይችልም። በ1917 አርክቴክቱ ፍሬድሪክ አከርማን ወደ እንግሊዝ ተልኮ የጦርነት ጊዜ መንደሮችን መርምሮ ተመለሰ፤ ያየውም በአሜሪካ አርክቴክቶች መጽሔት ታትሞ ብዙ አነጋገረ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ለመርከብ ሠራተኞች ቤት መሥራት በጀመረ ጊዜ የንድፉን ክፍል የመራው ይኸው አከርማን ነው። በኒው ጀርሲ በካምደን ከተማ ኤሌክተስ ሊችፊልድ ያወጣው የዮርክሺፕ መንደር ከዚያ ሥራ አንዱ ሲሆን በሸክላ የተሠሩት ቤቶቹ ከጦርነቱ በኋላ ለግል ገዢዎች ተሸጠው ዛሬም ፌርቪው በሚል ስም ቆመዋል። እንግዲህ በ1918 ለመርከብ ሠራተኛ ቋሚ ቤት የሠራ መንግሥት በ1942 ለመርከብ ሠራተኛ የእንጨት መሠረት ሰጠ። በመካከሉ የተለወጠው የአናጢነት ዕውቀት አይደለም።

የተለወጠውን ለማግኘት ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። በኦክቶበር 1940 የወጣው፣ በአቅራቢው በእንደራሴው በላናም ስም የሚጠራው ሕግ ለመከላከያ ሠራተኞች ቤት የሚሠራበትን ገንዘብ ሲፈቅድ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ ቤቶች በኮንግረስ ልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ለድኾች መኖሪያ እንዳይውሉ የሚል ገደብ ገባበት። ይኸውም ቤት ነጋዴዎቹ በ1930ዎቹ የተጀመረውን የመንግሥት ቤት ሥራ እንደ ተፎካካሪ ስለፈሩት ነው። ጊዜያዊ የተባለውም ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ እንዲነሣ ታዘዘ። ስለዚህ ጊዜያዊ የሚለው ቃል በዚህ ሥፍራ ስለ ዕቃው ጥንካሬ የሚናገር ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ዕድል የሚናገር የሕግ ቃል ነው። እንጨቱ ስላልጸና መንደሩ አልፈረሰም፤ መንደሩ እንዲፈርስ ስለተፈለገ እንጨት ተመረጠ ማለት ይሻላል።

በኛ ቋንቋ ይህ ልዩነት በአንድ ቃል ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ሰፈረ ማለት ጦር ወይም መንገደኛ ድንኳን ተክሎ አረፈ ማለት ነው፤ ሆኖም ሠፈር የምንለው ትውልድ የሚወለድበትን፣ ዕድር የሚቋቋምበትን ቋሚ መኖሪያ ነው። የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሠፈርን የመሳሰሉት ስሞች የሚመሰክሩት ሰፋሪ ሁሉ ካልተነሣ ነዋሪ እንደሚሆን ነው። የኦሬገን ባለሥልጣኖች ይህን ቃል ባያውቁትም ነገሩን ያውቁት ነበር፤ የፈሩትም ይህንኑ ነው።

ማንን ፈሩ? በ1940 በፖርትላንድ የነበሩት ጥቁሮች ከሁለት ሺህ አይበልጡም ነበር። ይህ ትንሽ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ኦሬገን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጥቁሮች በግዛቲቱ እንዳይኖሩ በሕግ የከለከለች አገር ናት፤ በሕገ መንግሥቷ ላይ የነበረው ክልከላ የተሠረዘውም በ1926 ነው። የፖርትላንድ የቤት ሻጮች ማኅበር በ1919 ለጥቁር ወይም ለእስያ ሰው በነጮች ሠፈር ቤት መሸጥን ከሙያ ሥነ ምግባር ውጭ አድርጎ ነበር። የካይዘር ባቡሮች ከደቡብና ከምሥራቅ ሠራተኛ ባመጡ ጊዜ የጥቁሮቹ ቁጥር በጥቂት ዓመታት አሥር እጥፍ ያህል አደገ። በአልቢና ለጥቁር ሠራተኞች ማደሪያ ሊሠራ ነው በተባለ ጊዜ የአካባቢው ነጮች በስብሰባ ተቃወሙ። በሥራው ቦታም የቦይለር ሠሪዎች ማኅበር ጥቁሩን መዋጮ እያስከፈለ ድምፅ በማይሰጥበት ረዳት ማኅበር ውስጥ አገባው። እንግዲህ የቀረው ቦታ በሁለት ከተማ መካከል፣ በግድብ የተከበበ፣ የማንም ሠፈር ያልሆነ ረግረግ ነበር። የቦታው አቀማመጥ በካርታ ላይ ሲታይ ለመርከብ መሥሪያዎቹ የቀረበ ነው ይባላል፤ ቀርቧልም። ግን ከከተማይቱ የራቀ መሆኑም እንደ ጥቅም ተቆጥሮለታል።

በቫንፖርት ውስጥ ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ የተጻፈ ሕግ አልነበረም ይባላል። መለያየቱ የተሠራው ቁልፍ በሚሰጠው ጸሐፊ እጅ ነው። ለቤት የመጣ ጥቁር ቤተሰብ የሚመራው ጥቁሮች ወደሚኖሩባቸው መንገዶች ስለነበረ፣ ማንም ሳይደነግግ የከተማው ካርታ በቀለም ተከፈለ። በትምህርት ቤቶቹ ግን ልጆቹ በአንድነት ተማሩ፤ ጥቁር መምህራንም ተቀጠሩ፤ ይህ በኦሬገን ያልተለመደ ነገር ነበር። ሲኒማ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ደግሞ ለሁሉም ነበሩ። ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ጥሩ መመርመሪያ ይገኛል? በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር፣ መኝታ የተለየበትና ትምህርት የተባበረበት ኑሮ አምስት ዓመት ተኖረ። ሆኖም የተጻፉልን ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዱት ከአስተዳዳሪዎቹ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚያውቀው የኪራይ ገቢን፣ የመስኮት መሰበርን፣ የፖሊስ ክስን፣ የሚወጣና የሚገባውን ሰው ቁጥር ነው። ተከራዩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበረ አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚያ ማኅበራዊ ኑሮ አልተመሠረተም ወደሚል ድምዳሜ ያዘነብላሉ። ይህ ደካማ ማስረጃ ነው። ወር የቆየች ሴት ልጅዋን ለጎረቤት ትታ ፈረቃ ከወጣች እምነት ተመሥርቷል፤ መዝገቡ ግን ይህን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። ወደ ቀድሞ አገሩ የተመለሰውንም ሆነ በዚያው በቫንፖርት ሌላ መንገድ ላይ ቤት የቀየረውን፣ ሁለቱን በአንድ ዓይን ተለዋዋጭ ብሎ መቁጠር ስለ ኑሮው ምንም አያስረዳም።

በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የመርከብ ሥራው ተቋረጠ። ነጮቹ ሠራተኞች ወደ ከተማ ገብተው ቤት መከራየት ወይም መግዛት ስለሚችሉ ብዙዎቹ ወጡ። ጥቁሮቹ መውጫ ስላልነበራቸው ቀሩ፤ ከእስር ሠፈር የተመለሱ ጃፓናውያን አሜሪካውያንና ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችም በተተዉት ቤቶች ገቡ። ከተማይቱ ቦታው ይጽዳና ለፋብሪካ ይዋል እያለች ስትከራከር፣ በ1946 ስቲቨን ኤፕለር ለተመላሽ ወታደሮች በዚያው ኮሌጅ ከፈተ። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምፈልገው ከጎርፉ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ቫንፖርት በፕላን ሰዎች አእምሮ የፈረሰ ከተማ እንደነበረ ነው። ውኃው ያገኘው ፍርዱ የተነገረበትን፣ ቀኑ ብቻ ያልተቈረጠበትን ሠፈር ነው።

የ1948 ጸደይ በረዶው በድንገት የቀለጠበትና ዝናቡ የበረታበት ነበር። ኮሎምቢያ ወንዝ እየሞላ ሄዶ በግድቡ ውስጥ ያለው መሬት ከውኃው ወለል ከአሥር ጫማ በላይ ዝቅ አለ። በሰሜንና በደቡብ ያሉት ግድቦች ለግድብነት የተሠሩ ሲሆኑ፣ በምዕራብ ያለው ግን የባቡር ሐዲድ እንዲሄድበት ቀድሞ የተደለደለ የአፈር ቁልል ነበር፤ በውስጡም የአሮጌ የእንጨት ድልድይ ምሰሶዎች ተቀብረዋል። ሜይ 30 እሑድ ማለዳ የቤቶች መሥሪያ ቤቱ በየበሩ ማስታወቂያ አደለ። ቃሉ ግድቦቹ ለጊዜው ደኅና ናቸው፣ ቢያስፈልግ ይነገራችኋል፣ ለመውጣት ጊዜ ይኖራችኋል፣ አትደናገጡ የሚል ነው። በዚያው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ የሐዲዱ ቁልል ተሰነጠቀ። የእንጨቱ ቤቶች ከመሠረታቸው ተነሥተው እንደ መርከብ ተንሳፈፉ፤ እርስ በርሳቸውም ተጋጩ። በዚያን ሰዓት በከተማው የሚኖረው ሕዝብ 18 ሺህ 500 ያህል ሲሆን ከሦስት አንዱ ጥቁር ነበር። የሞቱት 15 ናቸው። ቁጥሩ በዚህ የተወሰነው በዓል ስለነበረ ብዙ ሰው ከቤት ውጭ በመዋሉ፣ ውኃውም በመጀመሪያ በከተማው ውስጥ የነበሩትን ረግረጎች እየሞላ ስለዘገየ ነው፤ በማስታወቂያው ምክንያት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነዋሪዎቹ በፌዴራል መንግሥት ላይ ክስ አቅርበው በ1954 የይግባኙ ፍርድ ቤት መንግሥት ኀላፊነት የለበትም ብሎ ወሰነባቸው።

ስለ ጎርፉ ከተጻፈው ሁሉ እኔ ይበልጥ የማደንቀው መኬልደሪ ስለ ወሬው የጻፈውን ነው። ከጎርፉ በኋላ የሞተው ሰው ቁጥር ተደብቋል፣ ሬሳው በስውር ተወስዷል፣ ባለሥልጣኖቹ ግድቡ እንደሚሰበር አስቀድመው ያውቁ ነበር የሚል ወሬ ለብዙ ጊዜ ተናኘ። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ወሬ ሐሰት መሆኑን አረጋግጦ ያልፈዋል። ሐሰት መሆኑን ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው፤ ግን ሥራው ከዚያ ሊጀምር እንጂ ሊያልቅ አይገባውም። ወሬ የሟችን ቁጥር አያስቆጥርም፤ ተከራዩ ስለ አከራዩ ምን ያምን እንደነበረ ግን በጣም በትክክል ያስረዳል። ማለዳ ደኅና ናችሁ የተባለ ሕዝብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲንሳፈፍ ካየ፣ ማታ የሚነገረውን ቁጥር የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ያ አለመተማመን በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም፤ ቁልፍ ከሚሰጠው ጸሐፊ መስኮት ፊት በተሰለፉባቸው ዓመታት የተጠራቀመ ነው። ወሬው እንግዲህ የአምስቱ ዓመት ኑሮ ሰነድ ነው፤ ከመዝገቡም ይልቅ ታማኝ የሚሆንበት ቦታ አለ።

ከጎርፉ በኋላ የሆነው በአጭሩ የሚነገር ቢሆንም የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ኮሌጁ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሮ በ1955 የፖርትላንድ ስቴት ኮሌጅ፣ በ1969 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬም ትውልዱን ከቫንፖርት ይቆጥራል። ጥቁሮቹ ተፈናቃዮች በብዛት የገቡት ወደ አልቢና ነው፤ ቤት የሚከራይላቸውና የሚሸጥላቸው በዚያ ብቻ ነበርና። ከዚያም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአልቢና ለታላቅ የስፖርት አዳራሽና ለአውራ ጎዳና ቦታ ተወሰደ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሐኪም ቤት ማስፋፊያ ተብሎ እንደገና ብዙ ቤት ፈረሰ። እዚህ ላይ የታሪክ አጻጻፉ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። ኮሌጁ ሕንፃውን ቢያጣም ስሙ ተያይዞ ስለሄደ ያልሞተ ተብሎ ይመሰገናል። ነዋሪው ግን ሕንፃውን ሲያጣ ሠፈሩ አበቃ ተብሎ ይጻፋል፤ አልቢናም ሌላ ምዕራፍ ሆኖ ይጀመራል። ለተቋም የተፈቀደው መቀጠል ለሰዎቹ አልተፈቀደም። ጊብሰን ይህን ድንበር አልፋ የሄደችበት ምክንያት ይመስለኛል ጥናቷን ከቤት ሳይሆን ከቤተሰብ በመጀመሯ ነው፤ ቫንፖርትንም ለአልቢና መግቢያ ብቻ ሳታደርግ በራሱ ዘለግ አድርጋ ብታየው ኖሮ ሥራዋ የበለጠ ይበረታ ነበር።

የከተማው ቦታ ዛሬ የመኪና መወዳደሪያ፣ የጎልፍ ሜዳና መናፈሻ ነው። ከ2016 ጀምሮ ቫንፖርት ሞዛይክ የሚባል ማኅበር በየዓመቱ በዓል እያደረገ የቀድሞ ነዋሪዎችን ቃል ይሰበስባል፤ ይህ ከመዝገብ ውጭ ያለውን ኑሮ ለማዳን የተደረገ ትልቅ ሥራ ነው። የሚሰማው ቃል ግን በብዛት በዚያን ጊዜ ሕፃናት ከነበሩት ነው። ሕፃን የሚያስታውሰው የሚሮጥበትን ሜዳ፣ የትምህርት ቤቱን ጓደኛና የውኃውን ቀን ነው፤ የተሰበሰበውም ቃል በዚህ የበለጸገ ነው። ኪራይ ይከፍሉ የነበሩት እናቶች፣ በልብስ ማጠቢያው ቤት ተራ ሲጠብቁ ጥቁርና ነጭ ሴቶች ምን ይነጋገሩ እንደነበረ፣ ቤት እንዲቀየርላቸው ማንን ለምነው ማን እንደ መለሳቸው ሊነግሩን ይችሉ ነበር። ከልጆቻቸው ቃል ሲሰበሰብም ጥያቄው ከጎርፉ ቀን ሳይሆን ቤተሰቡ ቁልፉን ከተቀበለበት ቀን ቢጀመር፣ ከእናቲቱ አፍ ለልጅ የተረፈው ገና ሊገኝ ይችላል።